በነሐሴ ያዘነብኩት ዝናብ

ያልዘነበ ዝናብ አዝንቤ አውቃለሁ። ያውም አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም፤ አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ። ጸሎት አላደረስኩ፣ ጠንቋይ ቤት አልሄድኩ። ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልዬ በእስክሪብቶ ነው ያዘነብኩት። ይህን ነገር ሃያ ስድስት ዓመት ለማንም ትንፍሽ ሳልል ይዤው ኖርኩ። በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ እንዴት ከእጄ እንደወጣ ነው ዛሬ የማጫውታችሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ የሺ ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዌስተን በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ በረንዳዬ ላይ ሲቆሙ የኤርፖርቱ ባቡር ሲያልፍ ይታያል። ሥራዬ ኖርዝ ዮርክ ያለ አንድ የቢሮ ህንፃ ማጽዳት ነበር። አንድ ክፉ የብርድ ቀን የህንፃው ማሞቂያ ተበላሸና ሊጠግን የመጣውን ሰውዬ ምድር ቤት ድረስ ተከትዬ ሄድኩ። ቧንቧ በእጁ እየዳበሰ፣ ቁጥር እያነበበ፣ ወረቀት ላይ እየጻፈ ሲሠራ ቆሜ አየሁት። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥር ፎቅ ሰው ካፖርቱን አወለቀ። ያን ቀን ይህን ሥራ ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

የማሞቂያ ጥገና የሚያስተምረው ኮሌጅ ግን የሀገር ቤት ወረቀቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እዚህ የተወሰደ የሳይንስ ትምህርት ውጤት አምጪ አሉኝ። በሰኔ ካመጣሽ ለመስከረም ቦታ አለሽ፣ ካላመጣሽ ለሌላ ይሰጣል። እናም የማታ ፈረቃ ጽዳቴን እየሠራሁ፣ ጠዋት ጠዋት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገባሁ። ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እስከ ስድሳ ዓመት አዛውንት የሚቀመጥበት ክፍል ነው። አስተማሪያችን ሚስ ካመላ ትባላለች፣ ከትሪኒዳድ የመጣች፣ ስትስቅ መስኮት የምታንቀጠቅጥ ሴት።

አባቴ አቶ ደምሴ ያኔ እኔ ጋ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቴ ካረፈች በኋላ መንዝ፣ መሀል ሜዳ ላይ ብቻቸውን መቀመጣቸው አላስችል ብሎኝ ስፖንሰር አድርጌ አመጣኋቸው። እዚያ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ግን ዋና ሥራቸው ሌላ ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ፣ በሽቦ አጥር ተከልሎ፣ የዝናብ መለኪያና በአራት እግር የቆመ ነጭ ሳጥን ነበር። አባባ ዘወትር ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት ይሄዳሉ፤ ያለፈውን ቀን ዝናብ ይለካሉ፤ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ይፈርማሉ። በየወሩ ግልባጩን አዲስ አበባ ላለው መሥሪያ ቤት ይልካሉ። ነጩ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ወረቀት ላይ መስመር እየሳለ የሚመዘግብ መሣሪያ አለ። እሱ የሰው እጅ አይፈልግም፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ወንድይፍራው በየሰኞው ወረቀቱን መቀየር ብቻ ነው ሥራቸው። ሰርግ ይሁን ለቅሶ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን አባባን አትፈልጓቸው፤ ዝናባቸው ጋ ናቸው።

ወደ ቶሮንቶ ሲመጡ በኤርፖርት የተቀበልናቸው ዘመዶች ሻንጣው ሲከብድ ጊዜ ሽሮና በርበሬ መስሏቸው ደስ አላቸው። ቤት ገብተን ስንከፍተው ደብተር ነው። ከላይ ሁለት ሸሚዝ፣ ከሥር የሃያ ሁለት ዓመት ዝናብ። አንዷ የአክስቴ ልጅ እስከ ዛሬ ታሾፍብኛለች፤ «ያባትሽ ሻንጣ ያፈስ ይሆን?» እያለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አሥራ አንደኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት አባባ ዓይናቸውን ታመው ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ሄዱ። ሲሄዱ ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝ። መለኪያውን እንዴት እንደማነብ ቀድሞ አስተምረውኛል። «የሺ፣ አደራ» አሉኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የመጀመሪያውን ጠዋት ብርዱ ከአልጋ አላስወርድ አለኝ። ነገ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ እለካለሁ አልኩ። በማግስቱ ደግሞ የትናንቱ ስላለፈ አፈርኩና ቀረሁ። እንዲህ እያልኩ አሥራ ሰባት ቀን ሞላ። ነገ ይመጣሉ ሲባል ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገባሁና ሁሉንም በአንድ ቁጭታ ሞላሁት። ሃያ። አሥራ አምስት። ሠላሳ ሁለት። ስምንት። ወሩ ነሐሴ ነውና መዝነብ አለበት ብዬ በደንብ አዘነብኩት። አባባ መጡ፣ ደብተሩን ተቀበሉኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ሌላ ነገር አላሉም። አለፈልኝ ብዬ ተነፈስኩ። ያልፍልኛል ያልኩት ነገር ግን አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ አባባ ስለ ደብተራቸው ባነሱ ቁጥር ከማዕዱ ተነስቼ ውሃ ልቀዳ እሄድ ነበር።

ሚስ ካመላ የመጨረሻ ፕሮጀክት ስትሰጠን ለእኔ ሆን ብላ ያዘጋጀችው መሰለኝ። የአንድ ቦታ የአሥር ተከታታይ ዓመት መረጃ ፈልጉ አለች። የየወሩን ዝናብ በሰማያዊ ዓምድ፣ ሙቀቱን በቀይ መስመር ሳሉ። ግራፉን ብቻ አይታችሁ እዚያ ምን ዓይነት ዕፅዋትና እንስሳት እንደሚኖር፣ ባዮሙ፣ ማለትም የሕይወት ቀጠናው፣ ምን እንደሆነ ንገሩኝ። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ የሙቀት ኃይል ስሌት ነው። እዚያ ቦታ ሃያ ሊትር ውሃ ከጠዋቱ ቅዝቃዜ ተነስቶ እስኪፈላ ስንት ኪሎ ጁል ይፈጃል?

የክፍል ጓደኞቼ ሁሉ ከኢንተርኔት ሊያወርዱ ነው። እኔ ግን ቤቴ ውስጥ ሻንጣ አለ። አባባ በደስታ ሊሞቱ! መነጽራቸውን አደረጉና የየወሩን ድምር ከመጨረሻዎቹ አሥር ደብተሮች ጀርባ እየፈለጉ አነበቡልኝ። «አንደኛ ወር ይህን ያህል፣ ሁለተኛ ወር ይህን ያህል» ይላሉ፣ እኔ እከትባለሁ። የጥፋቴ ዓመትም ድምር አብሮ ተነበበ። ነሐሴ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ትንሽ ቀነሰ፣ ውሃ ጠጡና ቀጠሉ። እኔ አንገቴን ቀና አላደረግኩም።

አርብ ጠዋት ግራፌን ይዤ ሄድኩ። ሚስ ካመላ አየችውና ቅንድቧ ተሰቀለ።

«የሺ፣ ሀገርሽ ከምድር ወገብ በታች ነው እንዴ?»

«አይደለም፣ በላይ ነው።»

«ታዲያ ዝናቡ እንዴት ኖቬምበርና ዲሴምበር ላይ ሆነ? ደግሞ ይህች በመጨረሻ ያለችው ቀጭን ዓምድ ምንድን ናት? አሥራ ሦስት ቆጠርኩ።»

እኔም አየሁት። መስከረምን አንደኛ ወር ብዬ ስጽፍ ኮምፒውተሩ ጃንዋሪ ብሎ ሰይሞታል። ሐምሌና ነሐሴዬ ኖቬምበርና ዲሴምበር ሆነው ቁጭ ብለዋል። ጳጉሜን ደግሞ ስም ቢያጣላት ባዶዋን ትቷታል። አሥራ ሦስት ወር እንዳለን ስነግራት ሚስ ካመላ መስኮቱን አንቀጠቀጠችው። ስቃ ስታበቃ ግን ቁም ነገሩ መጣ። የኛ ወር ከነሱ ወር ጋር እኩል አይጀምርምና የወር ድምር አይጠቅምም። ከቀን በቀኑ መዝገብ እያንዳንዱን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሼ እንደገና መደመር አለብኝ። አሥር ዓመት፣ ቀን በቀን። ለሰኞ።

የቀን በቀን ገጽ ይከፈታል ማለት፣ ያ ነሐሴ አባባ እጅ ላይ፣ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ ዓይኔ እያየ ይከፈታል ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። አባባ ያነብባሉ፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ እጽፋለሁ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ጠዋት የለኝም። «አሥራ አንድ ነጥብ አራት። ዜሮ። ዜሮ። ሁለት ነጥብ ሰባት፤ ይሄ ቀን የእናትሽ ወንድም የተዳረ ቀን ነው፣ ዳሱ አፈሰሰ። ዜሮ። ስድስት ነጥብ አንድ፤ አንቺ ኩፍኝ ይዞሽ ነበር።» ለካስ አባባ ልጅነቴን ሁሉ በዝናብ ነው የሚያስታውሱት። የረሳኋቸው ሰዎች፣ የረሳኋቸው ላሞች፣ የግቢያችን የኮሶ ዛፍ የወደቀበት ቀን፣ ሁሉም እዚያ ደብተር ውስጥ ከነሚሊ ሜትራቸው አሉ። ከመካከል አሳረፍኳቸውና ስሌቱን አሳየኋቸው።

«አባባ፣ መሀል ሜዳ ላይ ውሃ በዘጠና ዲግሪ ይፈላል። ጠዋት ስምንት ዲግሪ ከነበረ ሰማንያ ሁለት ዲግሪ መጨመር ነው። በሃያ ኪሎ፣ በአራት ነጥብ ሁለት ሲባዛ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ጁል።»

«እዚህስ?»

«እዚህ በመቶ ነው የሚፈላው፤ የክረምት ውሃ ደግሞ በጣም ቀዝቃዛ ነው። ከስምንት ሺህ ያልፋል።»

«ስለዚህ የኛ ውሃ ቶሎ ይፈላል።»

«ቶሎ ይፈላል።»

«ባቄላው ግን አይበስልም!» አሉና ሳቁ። «እናትሽ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንጨቱ ነው ጥፋተኛው ስትል ኖረች። ይሄን ሳትሰማ ሄደች፣ አይ!»

ከሰዓት በኋላ ስድስተኛውን ደብተር ጨረስን። ሰባተኛው ያ ዓመት ነው። ተነሱ፣ ሻንጣው ጋ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ከዚያ ስምንተኛውን ይዘው መጡ።

«ሰባተኛውስ?» አልኩ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አልጠየቅኩም።

«እሱ ረጥቦ ነበር። ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ አይነበብም።»

አባባ ዋሹ። እንዴት አወቅሽ አትበሉኝ። ከሳምንት በፊት ከጀርባው ድምሩን አንብበውልኛል። ደግሞም አባባ ውሸት ስለማያውቁበት ሲዋሹ አፍንጫቸውን ያሻሉ። ግን እንዴት ደስ እንዳለኝ ልደብቃችሁ አልችልም። ከዚያ ገጽ ተገላገልኩ! ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር ወጋኝ። አሥሩ ዓመት ተከታታይ መሆን አለበት።

«አባባ፣ ሚሲንግ ዓመት ካለ አትቀበለኝም። ሰኞ ሰብሚት ማድረግ አለብኝ።»

«ምን ማድረግ?»

«ማስረከብ።»

«እንደሱ በይ። ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የፊቱንና የኋላውን ዓመት አማካይ ወስጄ ልሙላው እንግዲህ።»

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉና በረንዳ ወጡ። በረንዳው ላይ ከፕላስቲክ የጁስ ጠርሙስ ቆርጠው የሠሩት የዝናብ መለኪያ አለ፤ የከተማው ዝናብ እንዳያመልጣቸው ዘወትር ጠዋት እሱን ይለካሉ። ሰዓቱ አልነበረም፣ ግን ጎንበስ ብለው አዩት።

እሁድ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ከጎረቤታችን ጋር በመኪና ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በሩ እንደተዘጋ ሻንጣው ጋ ሄድኩ። ምን ልፈልግ እንደሄድኩ ለራሴም አልነገርኩትም። ምናልባት ልቅደደው ይሆን? እንጃ። ደብተሩ ከሁሉም ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ደረቅ ነው። ከሃያ ሁለቱ ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው።

ነሐሴን ስከፍት ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች እግሬ ላይ ወደቁ። የነጩ ሳጥን ወረቀቶች ናቸው፣ መሣሪያው በራሱ የሳላቸው መስመሮች። ቀን አለባቸው። የእኔ አሥራ ሰባት ቀናት ናቸው።

ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። የሙቀቱ መስመር በየቀኑ ወደ ላይ ተመንጥቆ፣ በየሌሊቱ ወደ ታች ተምዘግዝጓል። ቀን ሃያ ሁለት፣ ሌሊት ሁለት። ቀን ሃያ ሦስት፣ ሌሊት አንድ። አንዱ ሌሊት ዜሮ ነክቷል። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ መስመር ብቻ በሆነብኝ። ሚስ ካመላ ግን አስተምራናለች። ደመና ብርድ ልብስ ነው ብላናለች፤ ደመና ካለ ቀኑ አይሞቅም፣ ሌሊቱም አይበርድም፣ መስመሩ ዝቅ ያለ ጉብታ ይመስላል። ሰማዩ ጥርት ካለ መሬት ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት በትና ታድራለች። እንዲህ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል መስመር የደረቅ ሰማይ መስመር ነው። ከእነዚህ ቀናት በአንዱም ዝናብ አልነበረም። እኔ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ሚሊ ሜትር ጽፌያለሁ።

ይህን እኔ በሁለት ወር ትምህርት ካወቅኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የለኩት ሰውዬ በስንት ደቂቃ ያውቃሉ?

ያኔ ነው ገጹን ደፍሬ ያየሁት። የጻፍኳቸው ቁጥሮች በሙሉ በአንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ተሰርዘዋል። አልተፋቁም፤ የዚያ ሥራ ደንቡ ስህተት አይፋቅም፣ ከሥሩ እንዲነበብ ሆኖ ይሰረዛል። በአጠገባቸው በአባባ የእጅ ጽሑፍ አሥራ ሰባት ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «አልተለካም። ጥፋቱ የመዝጋቢው ነው።» የፊርማው ቦታ አሥራ ሰባቱም ላይ ባዶ ነው። ገጹ መካከል ደግሞ አንድ ደብዳቤ አለ። ሃያ ዓመት አንድም ቀን ሳያጓድሉ ለመዘገቡ ሠራተኞች የሚሰጠው የምስክር ወረቀት፣ በአቶ ደምሴ መዝገብ ውስጥ አሥራ ሰባት ቀን በመጉደሉ ሊሰጣቸው አልተቻለም ይላል። የምስክር ወረቀቱን ነገር አስታውሳለሁ። የጎረቤት ከተማው መዝጋቢ ሲሸለም አባባ ሄደው አጨበጨቡለት። እኛ ቤት ውስጥ «የሳቸውን ረሱት» ተባባልን፣ እናቴ መሥሪያ ቤቱን ረገመች። እኔም አብሬ ረገምኩ! ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ፣ የልጅ ለቅሶ፣ አፍንጫ ያለበት።

በሩ ሲከፈት አልሰማሁም። ቀና ስል አባባ ነጠላቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ደብተሩን አዩት፣ ወረቀቶቹን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ረጥቧል ያልኩት አሁን ረጠበ» አሉ።

ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀብኝ። «አባባ፣ መቼ ነው ያወቁት?»

«የመጣሁ ዕለት። ደብተሩን ሳላየውም ነው። ከአውቶቡሱ ስወርድ ገብሱን ውርጭ ለብልቦት አየሁ። ውርጭ ያለ ጥርት ያለ ሰማይ አይመጣም። ቤት ገባሁ፣ አንቺ ደግሞ ጎርፍ ጽፈሻል።» ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። «ያውም ሁሉም ሙሉ ቁጥር! አንድ ነጥብ እንኳ የለውም። የሺ፣ ዝናብ እኮ እንደዚያ ተጠንቅቆ አይዘንብም።»

«ለምን አልመቱኝም? ለምን አልተናገሩኝም?»

«ልናገርሽ ነበር። ማታ እራት ላይ ሳይሽ ቀና አትዪም። ተናግራለች እኮ አልኩ በልቤ፣ አፏ ነው የቀረው። አፏም ነገ ይናገራል አልኩ። ነገ አልተናገርሽም። ከነገ ወዲያም። ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ገባሽ፣ ፈተና ደረሰብሽ። ከዚያ ሄድሽ።»

«ዜሮ ቢጽፉ ኖሮ እውነት ነበር። አልዘነበም። ሀገሩ ሁሉ አይቷል። የምስክር ወረቀትዎም አይቀርም ነበር።»

«ያልለካሁትን ዜሮ እንዴት እጽፋለሁ? ዜሮም እኮ ይለካል ልጄ። ሄደሽ፣ ጎንበስ ብለሽ፣ ባዶውን አይተሽ ነው ዜሮ የምትዪው።»

ከዚያ ለሃያ ስድስት ዓመት የታፈነው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። «አባባ፣ አልሄድኩም። አንድም ቀን አልሄድኩም። ብርድ ፈርቼ ነው። ይቅር ይበሉኝ።» ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ።

«ይቅር ያልኩሽ ያኔ ነው። ይህን ቃል ግን ሳልሰማው እንዳልሞት ፈርቼ ነበር።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ደበቁብኝ?»

«እንግዳ ሀገር ላይ፣ በትምህርት መካከል፣ ላሳፍርሽ? ሥራ ላይ ነበርሽ እኮ። ልሙላው ስትዪ ግን አሳሰበኝ። ዛሬ ቅዳሴ ላይ ቆሜም ያሰብኩት እሱን ነው።»

ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ። አባባ ሱፍ ይልበሱ ነጠላ፣ እስክሪብቶ አይለያቸውም። የፊርማውን ባዶ ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ።

«እኔ አልፈርምበትም፣ የኔ ቀን አይደለም። ላንቺ ነው የተውኩት። ፈርሚ።»

ፈረምኩ። አሥራ ሰባት ጊዜ። «ጥፋቱ የመዝጋቢው ነው» ከሚለው ቀጥሎ፣ ዌስተን ውስጥ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ። የመጨረሻውን ስፈርም አባባ ደብተሩን ተቀበሉኝና ልክ እንደዚያን ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ያን ጊዜ የከበደኝ ቃል ያ ቀን ቀለለኝ።

ሰኞ አባባ ካልመጣሁ አሉ። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ በሁለት አውቶቡስ ሄድን። ክፍሉ ፊት ቆሜ ግራፉን አሳየሁ። ሰማያዊዎቹ ዓምዶች ከጁላይ እስከ ኦገስት እንደ ተራራ ወጥተዋል፣ ቀዩ መስመር ዓመቱን ሙሉ እንደ ሜዳ ተኝቷል። ዛፍ የሚበዛበት እንዳይሆን የሚያደርገው የሌሊቱ ብርድ ነው አልኩ፤ ባዮሙ የከፍተኛ ተራራ ሣር ምድር ነው፣ ጓሳ የሚባል ሣር ይበቅልበታል፣ ቤታችን የተከደነው በሱ ነበር። ሰባተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ግን ዓምዱን በተቆራረጠ መስመር ነው የሳልኩት። ምክንያቱንም እንግሊዝኛዬ እንደፈቀደ ተናገርኩ፣ ብርድ ልብሱን ሳልተው።

ሚስ ካመላ እንኳ አልሳቀችም። «አሥራ ሰባቱን ቀን በአማካይ መሙላት ትችዪ ነበር» አለች፣ «በዚህ ሥራ ውስጥ የተለመደ ነው።»

አባባ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ምን አለች?»

ነገርኳቸው።

«ልክ ናት። ይሞላል በያት። ግን የተሞላ መሆኑ ይጻፍ።»

ተረጎምኩላት። ሚስ ካመላ ወደ አባባ ሄዳ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ትምህርቱን አለፍኩ። ሙሉ ውጤት ግን አላገኘሁም፤ የሙቀት ስሌቱ ላይ የቶሮንቶውን መልስ በጁልና በኪሎ ጁል መካከል አምታትቼ ሰጥቼ ኖሮ አራት ነጥብ ቀነሰችብኝ። አባባ ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ነጥብ አትንቂ ብዬሽ ነበር» አሉኝ።

አሁን እናንተን አንባቢዎቼን ላናግር። ዛሬ የማሞቂያ ቴክኒሻን ነኝ፤ የስንት ህንፃ ምድር ቤት አውቃለሁ። በሥራችን በየጊዜው ወርደን የውሃውን ሙቀትና ግፊት አንብበን ወረቀት ላይ እንሞላለን። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የትናንቱን የሚገለብጥ ሰው ሞልቷል፤ ብዙ ጊዜም ምንም አይመጣም። እኔ እወርዳለሁ። ያልወረድኩበት ቀን ካለ አልወረድኩም ብዬ እጽፋለሁ። አለቃዬ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ አሁን አዲስ ሰው ሲቀጠር ወደ እኔ ይልካል። እናንተም ከሰው ጋር፣ በተለይ ከወላጅ ጋር፣ በግምት የሞላችሁት ነገር ካለ፣ ሰውየው አያውቅም ብላችሁ አትተኙ። ምናልባት ቦታውን ክፍት አድርጎ እየጠበቃችሁ ይሆናል። እኔ የቆጨኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ማስጠበቄ ነው።

አባባ ባለፈው ዓመት በጸደይ አረፉ። የቶሮንቶ ደብተራቸው እኔ ጋ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ቁጥራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ነጥቧ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ለሰባት ቀን በረንዳው ላይ የወጣ የለም። ዘንቧል፣ በመስኮት አይቼዋለሁ፤ ሰው እያስተናገድኩ ሰማሁት። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ወጣሁና ጠርሙሱ ውስጥ የተጠራቀመውን ደፋሁት። ደብተሩን ከፍቼ ከእሳቸው የመጨረሻ ፊርማ ሥር ሰባት ጊዜ ጻፍኩ፦ «አልተለካም። ጥፋቱ የመዝጋቢዋ ነው።» ሰባት ጊዜ ፈረምኩ።

በማግስቱ በሦስት ሰዓት ጎንበስ ብዬ አየሁ። አራት ነጥብ ሦስት።